ጠይቁን፦ ሳይሸነፉ የተሸነፉት ፕሬዚዳንት

ባለፈው እትማችን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት አሥራ ሁለት ዓመታት ውስጥ በአሜሪካና በእንግሊዝ ጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ወጥተው ዛሬ ሲነበቡ ፈገግ ስለሚያሰኙ ርዕሶች አንድ አጭር ማስታወሻ በዚህ ዓምድ አቅርበን ነበር። ማስታወሻው ሩብ ገጽ እንኳ የማይሞላ ቢሆንም ያስከተለው የደብዳቤ ብዛት ከጠበቅነው በላይ በመሆኑ፣ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነዚሁ ጥያቄዎች ሰጥተነዋል። ከደብዳቤዎቹ አንዱ እኛኑ የሚወቅስ ስለሆነ፣ የጋዜጠኛ ወግ ነውና፣ መጨረሻ ላይ አስቀምጠነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መነጽር ያደረጉ አንድ ሰው ጋዜጣ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ በየመጽሐፉ አየዋለሁ። ሰውዬው ማን ናቸው? የሚያስቃቸውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰውዬው 33ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ናቸው፤ የሚያስቃቸውም የያዙት ጋዜጣ ራሱ ነው። ጋዜጣው «ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን» የኖቬምበር 3 ቀን 1948 እትም ሲሆን፣ በፊት ገጹ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር በተዘረጉ ግዙፍ ጥቁር ፊደላት «ዲዊ ትሩማንን አሸነፉ» ይላል። የኒውዮርክ ግዛት አገረ ገዥ የነበሩት ቶማስ ዲዊ ግን ትሩማንን አላሸነፉም። ቆጠራው ሲያበቃ ትሩማን 303፣ ዲዊ ደግሞ 189 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ያገኙ ሲሆን፣ በቀጥታ ከሕዝቡ በተሰጠው ድምፅም ትሩማን ከሁለት ሚሊዮን በሚበልጥ ልዩነት ቀድመው ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፉ የሚያሳየን የራሱን መርዶ ቆሞ የሚያነብ ሰው ነው።

ሥፍራው የሴይንት ሉዊስ ከተማ ባቡር ጣቢያ ነው። ትሩማን ድምፃቸውን ከሰጡባት ከትውልድ ግዛታቸው ከሚዙሪ ወደ ዋሽንግተን ሲመለሱ ባቡሩ እዚያ ቆሞ ነበርና፣ ከመጨረሻው ፉርጎ የኋላ ሰገነት ላይ ወጥተው ሕዝቡን ሰላም ሲሉ ነው ጋዜጣውን ያነሡት። ፎቶግራፉን እንደገና ሲያዩት አያያዛቸውን ልብ ይበሉት፤ ገጹ ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ ካሜራው ዞሯል። ጋዜጣው በዚያ ዘመን ከስሙ ጋር «የዓለም ታላቁ ጋዜጣ» የሚል መፈክር ያትም እንደነበር ስናስታውስ ደግሞ ሳቁ የበለጠ ይገባናል።

ርዕሱ በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ግሡም የአሁን ጊዜ ግሥ ነው፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ትናንት የሆነውን ነገር ዛሬ እየሆነ እንዳለ አድርገው በርዕስ መጻፍ ልማዳቸው ነው። ትሪቢዩን ልማዱን አንድ እርምጃ አሻሽሎ፣ ከቶውንም ያልሆነውን ነገር በአሁን ጊዜ ጻፈው። ነገሩ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ግሡ የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ፣ አዘጋጁ «ዲዊ ትሩማንን…» ካለ በኋላ አንድ ትንፋሽ የሚወስድበት ጊዜ ያገኝ ነበር። በዚያች ትንፋሽ መካከል ሐሳቡን ይለውጥ ነበር ብለን ግን አንምልም።

ጥያቄ፦ በማተሚያ ቤት በአራሚነት ለብዙ ዓመታት ሠርቼ በጡረታ ላይ እገኛለሁ። የአንድ ፊደል ስህተት ማምለጡ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ጋዜጣ ግን ውጤቱ ሳይታወቅ አሸናፊውን እንዴት ያትማል? ሰዎቹ ጠጥተው ነበር እንዴ?

መልስ፦ ጥፋቱ የመጠጥ ሳይሆን የሰዓት ነው፤ እርስዎም በሙያው ስላለፉ ዝርዝሩ ከማንም በላይ ይገባዎታል። በቺካጎ የጋዜጣ ፊደል ለቃሚዎች ከኖቬምበር 1947 ጀምሮ፣ ማለትም ምርጫው ሊደርስ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ሥራ የማቆም አድማ ላይ ነበሩ፤ ከጀርባውም በዚያው ዓመት የወጣውና የሠራተኛ ማኅበራትን ሥልጣን የሚገድበው የታፍት ሃርትሊ ሕግ ነበረበት። ጋዜጣው ግን መታተሙን አላቆመም። በእርሳስ ፊደል ይዘጋጅ የነበረው ዜና በጽሕፈት መኪና ይመታ ጀመር፤ የተመታው ወረቀት ተቆርጦ በገጽ ልክ ይለጠፋል፤ የተለጠፈው በፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፎቶግራፉ በብረት ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ወደ ማተሚያው የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ መንገድ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ስለነበር፣ የመጀመሪያው እትም በወቅቱ እንዲወጣ የፊት ገጹ መዘጋት የነበረበት የአብዛኞቹ ግዛቶች ድምፅ ገና ሳይቆጠር ነው። ከችኮላው ብዛት የተነሣ በዋናው ዜና ውስጥ ጥቂት መስመሮች ተገልብጠው ታትመዋል። እርስዎን የመሰለ አራሚ በዚያች ሌሊት ቢገኝ ኖሮ መስመሮቹን ያቀና ነበር፤ ርዕሱ ግን ከአራሚ እጅ የወጣ ጉዳይ ነበር።

ውሳኔው የማኔጂንግ ኤዲተሩ የሎይ ማሎኒ ነበር። ባዶ ገጽ ማውጣት አይቻል፣ ውጤቱን መጠበቅ አይቻል፤ የቀረው የሚያምኑትን ሰው መጠየቅ ነው። የሚያምኑት ሰው የዋሽንግተን ዘጋቢያቸው አርተር ሲርስ ሄኒንግ ነበር፤ እሱም ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተደረጉት አምስት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች የአራቱን አሸናፊ አስቀድሞ የተናገረ ሰው በመሆኑ ቃሉ ክብደት ነበረው። ሄኒንግ ዲዊ ብሎ ነበርና ዲዊ ሆነ። የከተማው ድምፅ እየገባ ሲሄድ ርዕሱ በቀጣዮቹ እትሞች ቢለወጥም፣ እስከዚያ ድረስ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ቅጂ ታትሞ ወጥቷል። የእኛ አባባል የቸኮለችው አፍሳ ለቀመች ይላል፤ ትሪቢዩን ግን ያፈሰሰውን መልቀም አልቻለም፤ ከለቃሚዎቹ አንዱ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሆነው ተገኙ።

ሁሉም ሰው የሚያየው ትልቁን ርዕስ ብቻ ስለሆነ ሳይሳቅበት የቀረ አንድ ተጨማሪ ነገር በዚያው ገጽ ላይ አለ። ከታች በአነስተኛ ፊደል የዲዊ ፓርቲ የሆነው የሪፐብሊካን ፓርቲ በኢሊኖይ ግዛት ጠቅልሎ እያሸነፈ መሆኑን የሚጠቁም ሁለተኛ ርዕስ ወጥቷል። ቺካጎ የምትገኘው በዚሁ በኢሊኖይ ነው፤ ማለትም ጋዜጣው የገዛ ግቢውን ዜና ነበር የሚዘግበው። በዚያ ምርጫ የኢሊኖይን አገረ ገዥነት አድላይ ስቲቨንሰን፣ የሴኔት መቀመጫውንም ፖል ዳግላስ አሸነፉ፤ ሁለቱም እንደ ትሩማን ዴሞክራቶች ናቸው። ትሩማንም ግዛቲቱን በጠባብ ልዩነት ወስደዋታል።

ጥያቄ፦ ትሪቢዩንን ብቻ ለይቶ መሳቂያ ማድረግ ተገቢ ነው? ሌሎቹስ ምን ሲሉ ነበር?

መልስ፦ ተገቢ አይደለም፤ ልዩነቱ የትሪቢዩን ስህተት በካሜራ ፊት የተያዘ መሆኑ ነው። «ኒውስዊክ» መጽሔት ከምርጫው በፊት ሃምሳ የታወቁ የፖለቲካ ጸሐፊዎችን ጠይቆ ሃምሳውም ዲዊ ያሸንፋሉ ብለዋል፤ ከሃምሳ ሰው አንድ እንኳ ለጨዋታ ያህል የተለየ አለመገኘቱ ይገርማል። የሕዝብ አስተያየት መዛኙ ኤልሞ ሮፐር ውድድሩ ያለቀለት ስለመሰለው በሴፕቴምበር መጀመሪያ መጠየቁን ተወ፤ ጋለፕም እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ጠይቆ አቆመ። «ላይፍ» መጽሔት ዲዊ የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ በጀልባ ሲሻገሩ የተነሡትን ፎቶግራፍ አውጥቶ፣ በግርጌው «ቀጣዩ ፕሬዚዳንት» ብሎ ጻፈባቸው። «ኪፕሊንገር» የተባለው መጽሔት ደግሞ ከሁሉም ተሻለ፤ የኖቬምበር እትሙን «ዲዊ ምን ያደርጋሉ» በሚል ርዕስ 32 ገጽ ትንታኔ ይዞ ወጣ። ዲዊ ያደረጉት ወደ ኒውዮርክ ግዛት ዋና ከተማ ወደ አልባኒ ተመልሰው አገረ ገዥነታቸውን መቀጠል ነው።

ከምርጫው በፊት ተጽፈው ወደ ማተሚያ ቤት የተላኩ የዓምደኞች ጽሑፎች ደግሞ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ስለወጡ፣ ዲዊ ሥልጣን እስኪረከቡ ድረስ ባሉት ሳምንታት አገሪቱ እንዴት እንደምትተዳደር የሚጨነቁ ትንታኔዎችን አንባቢው የትሩማንን ድል ከሚያበስረው ዜና ጎን ለማንበብ ተገዷል። አወዳደቁን ያሳመረው «ዋሽንግተን ፖስት» ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉን የዋጠና ያፈረ ሰው «ቁራ በላ» ይባላልና፣ ጋዜጣው በሕንፃው ላይ «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እርስዎ ለማቅረብ ሲዘጋጁ እኛ ቁራ ለመብላት ዝግጁ ነን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ሰቀለ።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ተማሩ?

መልስ፦ ከመጠን በላይ ተማሩ። በ1952 ምርጫ ሌሊት «ሲቢኤስ» የቴሌቪዥን ጣቢያ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ትንበያ እንዲሰጥ አሠማርቶት ነበር። ጥቂት ድምፅ ብቻ በተቆጠረበት ሰዓት ማሽኑ ሪፐብሊካኑ አይዘንሃወር 438፣ ዴሞክራቱ ስቲቨንሰን 93 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ያገኛሉ አለ። የአስተያየት ጥናቶቹ ሁሉ ፉክክሩ የተቀራረበ እንደሚሆን ተናግረው ስለነበር ሰዎቹ ደነገጡ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ማሽኑ ድፍረቱን እስኪቀንስ ድረስ አስተካክለው የተለሳለሰውን ትንበያ ለተመልካች አቀረቡ። የመጨረሻው ውጤት 442 ለ89 ሆነ፤ የአምራቹ ኩባንያ ሰውም በዚያው ሌሊት ቀርቦ ማሽኑ መጀመሪያውኑ ትክክል እንደነበር ተናዘዘ። በ1948 ማመን ያልነበረባቸውን አመኑ፤ በ1952 ደግሞ ማመን የነበረባቸውን ሳያምኑ ቀሩ።

ጥያቄ፦ በማስታወሻችሁ ላይ ስለ «በራሪ ሳህን» የወጣ ርዕስ ጠቅሳችኋል። እውነት ነው በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጥቷል? እኔ የፊልም ፈጠራ ይመስለኝ ነበር።

መልስ፦ ወጥቷል፤ ያውም በሠራዊቱ መግለጫ ተደግፎ። በኒው ሜክሲኮ ግዛት የሚታተመው «ሮዝዌል ዴይሊ ሬኮርድ» በጁላይ 8 ቀን 1947 እትሙ፣ የሮዝዌል የጦር አየር ማረፊያ በአካባቢው ካለ የከብት ርቢ ቦታ ላይ በራሪ ሳህን መያዙን በትልቅ ርዕስ አበሰረ። መግለጫውን የሰጠው የአየር ማረፊያው የሕዝብ ግንኙነት መኮንን ነበርና ጋዜጣው ያጠፋው ነገር የለም፤ የተነገረውን ጻፈ። በማግስቱ በዚያው የፊት ገጽ «ጄኔራል ሬሚ የሮዝዌልን ሳህን ባዶ አደረጉት» የሚል ርዕስ ወጣ፤ ጄኔራሉ ስብርባሪውን አይተው የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ ነው ብለዋልና። አንድ ሳህን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቀርቦ ተነሣ ማለት ነው።

ለእኛ ግን ከሁለቱም የሚበልጠው በዚያው በማግስቱ እትም የወጣው ሦስተኛው ርዕስ ነው፤ በጥያቄ የተዋከበው ገበሬ «ሳህኑን» ማግኘቱን በመናገሩ መጸጸቱን ይገልጻል። ሰውዬው በግጦሽ መሬቱ ላይ ያገኘው የላስቲክ ቁርጥራጭ፣ ብርማ ወረቀትና ቀጫጭን እንጨት ነበር። ወደ ከተማ ሄዶ ለባለሥልጣን ተናገረ፤ ከዚያ ጀምሮ መኮንኑ፣ ጋዜጠኛውና ፎቶግራፍ አንሺው እየተቀባበሉ ሲጠይቁት፣ ወደፊት ቦምብ ካልሆነ በቀር ምንም ነገር ባገኝ ከአፌ ቃል ማውጣት ይቸግራችኋል አላቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1994 ባወጣው ሪፖርት፣ ስብርባሪው የሶቪየት ኅብረትን የኑክሌር ሙከራ ከሰማይ ለማዳመጥ በምስጢር ይላኩ ከነበሩት ፊኛዎች የመጣ መሆኑን ገልጿል፤ ስለዚህ የሁለተኛው ቀን ርዕስም ቢሆን እውነቱን በከፊል ብቻ ነበር የያዘው።

«በራሪ ሳህን» የሚለው ስም ራሱ የርዕስ ጸሐፊዎች ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከሮዝዌል ዜና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በጁን 24፣ ኬኔዝ አርኖልድ የተባለ አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት በሬይኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች በከፍተኛ ፍጥነት ሲያልፉ ማየቱን ተናገረ። አበራረራቸውን ሲገልጽ፣ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን በውኃ ላይ ሲወረወር እየነጠረ እንደሚሄደው ዓይነት ነው አለ። ሳህኑ የበረራው ምሳሌ እንጂ የቅርጹ መግለጫ አልነበረም። ጋዜጦቹ ግን ምሳሌውን ቆርጠው ሳህኑን ብቻ አስቀሩ፤ ከዚያ በኋላ ሰማይ ላይ እንግዳ ነገር አየሁ የሚለው ሰው ሁሉ ያየው ክብ ነገር ሆነ። ርዕስ የተፈጠረን ነገር ይዘግባል እንላለን፤ እዚህ ላይ ርዕሱ ቀድሞ ተገኝቶ ነገሮቹ ተከትለውታል።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በድሮ ጋዜጦች ላይ «አይክ» ተብለው ነው የሚጠሩት። ለአንድ የአገር መሪ ይህ ድፍረት አይደለም?

መልስ፦ ድፍረት ሳይሆን የቦታ እጥረት ነው። «አይክ» ከልጅነታቸው ጀምሮ የተጠሩበት ቅጽል ስም ሲሆን በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ሙሉ ስማቸው ግን አሥር ፊደል ይወስዳል። ርዕስ ጸሐፊው በጠባብ ዓምድ ውስጥ ስለሚሠራ ፊደል እየቆጠረ ነው የሚጽፈው፤ በአቆጣጠሩም ተራው ፊደል አንድ፣ ቀጫጮቹ ግማሽ፣ ሰፋፊዎቹ ደግሞ አንድ ተኩል ይባላሉ። ዲዊና ትሩማን በአምስትና በስድስት ፊደል የሚያልቁ ስሞች ባይሆኑ ኖሮ የ1948ቱ ርዕስ ያን ያህል ግዙፍ ሆኖ ባልታተመ ነበር።

ጥያቄ፦ ሶቪየቶች የመጀመሪያዋን ሳተላይት ሲያመጥቁ የዓለም ጋዜጦች ምን አሉ? የሚያስቅ ነገር ይገኝበታል?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ይገኝበታል። ስፑትኒክ የመጠቀችው በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ነው። በማግስቱ የምዕራቡ ዓለም ጋዜጦች በትልልቅ ፊደል ሲጮኹ፣ የባለ ድሉ አገር ጋዜጣ «ፕራቭዳ» ዜናውን እንደ ማንኛውም የመንግሥት መግለጫ በተለመደው አነስተኛ ርዕስ አወጣው። የውጭው ጩኸት ሞስኮ ሲደርስ ግን አዘጋጆቹ የያዙት ነገር ምን እንደሆነ ገባቸውና በሚቀጥለው ቀን የፊት ገጹን በሙሉ ለሳተላይቷ ሰጡ። የድላቸውን መጠን ከተሸናፊው ነው የሰሙት።

ሁለተኛው ሳቅ በአሜሪካ ላይ ነው። በዲሴምበር 6 ቀን 1957 አሜሪካ የራሷን ሳተላይት ለማምጠቅ ቫንጋርድ የተባለውን ሮኬት፣ ጋዜጠኞች ተሰብስበው በሚጠባበቁበት፣ ከኬፕ ካናቬራል ተኮሰች። ሮኬቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ከፍታ ተነሥቶ፣ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተመልሶ ተቀምጦ ጋየ። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት ከእሳቱ ተስፈንጥራ ወድቃ፣ ጠፈር የደረሰች ይመስል ምልክቷን ማሰማቷን ቀጠለች። የለንደን ጋዜጦች ስፑትኒክ ከሚለው ቃል «ኒክ» የሚለውን ጅራት ቆርጠው፣ አንዱ «ካፑትኒክ» ሲል መሰበሯን፣ «ዴይሊ ሄራልድ» ደግሞ «ፍሎፕኒክ» ሲል መውደቋን፣ ሌላውም «ስቴይፑትኒክ» ሲል ከቦታዋ ንቅንቅ አለማለቷን አወጁ። በአማርኛ «ወደቅኒክ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን እንደ እነርሱ አልጣፈጠልንም።

በመጋቢት 1958 ግን ታናሽ እኅቷ ቫንጋርድ 1 በሰላም መጠቀች፤ ዛሬም ድምፅዋ ጠፍቶ ምድርን ትዞራለች፤ በምሕዋር ላይ ከቀሩት የሰው ልጅ ሥራዎች ሁሉ አንጋፋዋ እርሷ ናት። «ዴይሊ ሄራልድ» በ1964 ከገበያ ወጥቶ በሌላ ስም በሚታተም ጋዜጣ ተተካ።

ጥያቄ፦ በሌሎች ጋዜጦች ስህተት ለመሳቅ የፈጠናችሁትን ያህል የራሳችሁን ለማየት አልፈጠናችሁም። ባለፈው እትም የትሩማን ፎቶግራፍ «በምርጫው ማግስት» መነሣቱን ጽፋችኋል። ምርጫው የተደረገው በኖቬምበር 2 ነው፤ ፎቶግራፉ የተነሣው በኖቬምበር 4 ነው። ማግስት የሚባለው ስንተኛው ቀን ነው?

መልስ፦ ልክ ነዎት። ማግስት ሳይሆን ሣልስት ነው፤ ትሩማን ሲስቁበት የነበረው ጋዜጣም የአንድ ቀን ዕድሜ ነበረው። ጽሑፉን ሁለት ሰዎች አንብበውት አሳልፈውታል፤ ሁለቱም አድማ ላይ አልነበሩም። ባለፈው ወር የወጣው እትም አሁንም በእጅዎ ካለ፣ በሁለት እጅዎ ከፍ አድርገው ፎቶግራፍ ቢነሡበት ቅር አንሰኝም።